ጉቶው ላይ ምን ልትሠሩበት ነው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው። ግቢያችን ውስጥ አባቴ የተከለው ትልቅ ኒም ነበር። ቅርንጫፉ የመብራት ሽቦ እየነካ ስላስቸገረን ከ2 ዓመት በፊት አስቆረጥነው። ጉቶው ግን እስካሁን አለ። ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው፤ ወርዱ 70 ሳንቲ ይሆናል። በየጊዜው ያቆጠቁጣል። እኛ እንቆርጣለን፣ እሱ ያበቅላል። አሁን ቦታው ላይ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ልንሠራ ነው። ወንድሜ ‹ጨውና የተቃጠለ ዘይት አፍስሰን እናቃጥለው› ይላል። ግንበኛው ደግሞ ‹እስከ መሬት ቁረጡትና ኮንክሪት ሙሉበት› አለኝ። ጓደኛዬ ግን ጉቶ የሚፈጭ ማሽን እንዳለዎት ነገረችኝ። አጥሩ ከጉቶው ሜትር ተኩል አይሞላም። የሽንት ቤቱ ቱቦም በዚያው በኩል ነው የሚያልፈው። ማሽን ይሻለናል ወይስ በሰው እናስቆፍር?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «እርስዎ»ን ተይልኝ። ድሬ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አንቱታ ይከብደኛል። እኔም አንቺ እልሻለሁ።

ማሽኑ የኔ ነው። «ማሽን ይሻልሻል» ብልሽ ገንዘቡ ወደ ኪሴ ነው የሚገባው። ግን ያንቺን ጉቶ ማሽን ብቻውን አይጨርሰውም። ከግማሽ በላዩ የዶማ ሥራ ነው። ምክንያቱን ላስረዳሽ። ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይ።

ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንት ነው?» ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከተነሳ በኋላ ቦታው ላይ ምን ልትሠሩበት ነው?» ብዬ ነው። ሣር ነው? ንጣፍ ነው? ሌላ ዛፍ ነው? ወይስ ቤት? ሥራውን የሚወስነው ይሄ ነው። ያው አንድ ጉቶ ለሣር ከሆነ ጠዋት ተጀምሮ ከቁርስ በፊት ያልቃል። ለቤት ከሆነ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ብዙ ሰው ማሽኑ ጉቶ የሚነቅል ይመስለዋል። አይነቅልም፤ ይፈጫል። ፊት ለፊቱ የሚሽከረከር ወፍራም የብረት ዲስክ አለው። በዲስኩ ዙሪያ ጥርሶች በቡሎን ታስረዋል። የጥርሶቹ ጫፍ ካርባይድ ነው፤ ግድግዳ የሚበሳው የድሪል ጫፍ ላይ ያለው ዓይነት ጠንካራ ነገር። ዲስኩን ከጉቶው ጠርዝ ላይ አስጀምረዋለሁ። ጥቂት ሳንቲ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋል። እንደገና ዝቅ፣ እንደገና ጠረግ። እንጨቱ ሰጋቱራና ስንጥር ሆኖ ይወጣል። በተለመደው ሥራ ከመሬት በታች ከ15 እስከ 30 ሳንቲ ይወርዳል። ከዚያ በታች ያለው ሥር እዚያው ይቀራል። ወደ ጎን የተዘረጋውም እንዲሁ።

ለሣር ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ላዩን አፈር ታለብሺዋለሽ፣ አለቀ። ለንጣፍ ከሆነ 30 ሳንቲውን ሙሉ ማውረድ፣ ሰጋቱራውን አውጥቶ መጣልና ጉድጓዱን በሰሌክት፣ ማለትም ለመሙያ በተመረጠ አፈርና ጠጠር፣ መሙላት ነው። ሌላ ዛፍ ለመትከል ከሆነ ጉቶው የነበረበትን ቦታ ትቶ ሜትር ያህል ፈቀቅ ማለት ይሻላል። ቤት ሲሆን ግን ጨዋታው ይለያል።

ከታች የቀረው ሥር ይበሰብሳል። ዛሬ አይደለም፤ ዓመታት ይፈጅበታል። የሰው ጭን የሚያህል ሥር ሲበሰብስ በቦታው ባዶ ቀዳዳ ይተዋል። የኛ የድሬ አፈር አብዛኛው ጎርፍ አምጥቶ ያነጠፈው አሸዋና ጠጠር ነው። ባዶ ቦታ ሲያገኝ ይንሸራተታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ሲገባበት ደግሞ ይብስበታል። ከላይ መሠረት ካረፈበት መሠረቱ በአንድ በኩል ዝቅ ይላል። ግድግዳው ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ያኔ ሰው ግንበኛውን ይሰድባል። ግንበኛው ሲሚንቶውን ይሰድባል። ጉቶውን የሚያስታውሰው የለም።

ስለዚህ ግንበኛሽ ያለሽን እርሺው። እስከ መሬት ቆርጦ ኮንክሪት መሙላት ማለት በሕይወት ያለ ነገር ላይ ቤት መሥራት ነው። ጉቶው እኮ አልሞተም! የሚያቆጠቁጠው ሥሩ ስለሚኖር ነው። ኒም ከቆረጡት በኋላ አቆጥቁጦ ከሚያድጉት ዛፎች አንዱ ነው። ከጉቶው ብቻም አይደለም፤ የቆሰለ ሥርም ራሱን ችሎ ቡቃያ ያወጣል። ከጉቶው ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» የሚያሰኝ ችግኝ አይተሽ ከሆነ እሱ ነው።

አሁን ወደ ወንድምሽ። እንዳይቀየመኝ እንጂ ሦስቱም ሐሳቦቹ አንቺ ግቢ ውስጥ አደገኛ ናቸው። ጨው ይህን የሚያህል ጉቶ እንዲገድል ብዙ መሆን አለበት። ብዙ ጨው ደግሞ አፈሩ ውስጥ ይቀራል። እርጥበት ሲያገኝ ኮንክሪት ውስጥ ገብቶ ፌሮውን ያዝገዋል። መሠረት ሊቆም በታሰበበት ቦታ ጨው መቅበር ማለት ምን እንደሆነ ለወንድምሽ አንቺ ንገሪው። የተቃጠለ ዘይት ጉቶ አይገድልም፤ መሬቱን ያበላሻል እንጂ። የምንጠጣው ውሃ የጉድጓድ ውሃ ነው። በተለይ ሳቢያን! ከተማውን ለብዙ ዘመን ሲያጠጡ የኖሩት ጉድጓዶች እናንተው ሰፈር ነው ያሉት። እዚያ ላይ ዘይት አይፈስም።

እሳቱ ደግሞ እንዲህ ነው። እርጥብ ጉቶ ተቃጠለ ቢባል ላዩ ይጠቁራል፣ ሆዱ እንዳለ ይቀራል። የደረቀ ሥር ካገኘ ግን እሳቱ ከመሬት በታች ይገባል። ነበልባል የለውም፤ እየጨሰ ይሄዳል። ጠፋ ብለሽ ከተኛሽ በኋላ ለቀናት ሊቆይ ይችላል። የሽንት ቤቱ ቱቦ በዚያው በኩል ነው ብለሻል። ፕላስቲክ ከሆነ ሲቀልጥ አታዪውም፤ በኋላ ሽታው ነው የሚነግርሽ።

ስለዚህ ሥራውን ለሁለት እንክፈለው። በቤቱ በኩል ያለው ጎን ይቆፈራል። በአጥሩ በኩል ያለው ጎን ይፈጫል።

ለምን አጥሩ ጋ አይቆፈርም? ከጉቶው እስከ አጥሩ ሜትር ተኩል አይሞላም ብለሻል። የኒም ሥር በዚያ ርቀት አጥሩ ሥር ገብቶ ወደ ጎረቤት ተሻግሯል። እሱን እየተከተልሽ ብትቆፍሪ የአጥሩን መሠረት ታጋልጫለሽ። የብሎኬት አጥር መሠረቱ ጥልቅ አይደለም። ትንሽ ከሥሩ ከተቦረቦረና አንድ ዝናብ ከመታው ይተኛል። ልጆች የሚሮጡበት ግቢ ከሆነ አስቢው። ስለዚህ በዚያ በኩል ሥሩን ከአጥሩ ግማሽ ሜትር ያህል ወዲህ ላይ እንቆርጠዋለን። ከዚያ ወዲህ ያለውን ማሽኑ ይፈጨዋል። አጥሩ ሥር የቀረው እዚያው ይቅር። አጥር ቀላል ነገር ነው፤ እንደ ቤት አይጫነውም።

የተቆረጠው ሥር ግን ከጎረቤት በኩል ወይም ከአጥሩ ግርጌ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ትዕግሥት ነው። የወጣውን ቡቃያ በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅጠሉ ሳይሰፋ፣ በእጅ መገንጠል። ሥር የሚኖረው ቅጠል በሚልክለት ምግብ ነው። ቅጠል ካጣ ያለውን ስንቅ በልቶ በልቶ ይሞታል። እናንተ 2 ዓመት ስትቆርጡ ያልሞተው እስኪጎረምስ ስለምትጠብቁት ነው። ቡቃያው ክንድ እስኪያክል ከጠበቃችሁ የበላውን ሁሉ ተክቷል።

ሁለተኛው ግላይፎሴት የሚባለው የአረም መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው አሮጌ፣ የደረቀ ቁርጥ ላይ ይቀባዋል። የደረቀ ፊት አይጠጣም። ሥሩን እንደ አዲስ መቁረጥና በደቂቃዎች ውስጥ መቀባት ነው። እሱም ሙሉውን ፊት አይደለም። ልክ ከልጡ ሥር ያለውን ቀለበት ብቻ። ሕይወት ያለው እዚያ ነው፤ መሐሉ የሞተ እንጨት ነው። በትንሽ የቀለም ብሩሽ፣ ጓንት አድርጎ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን። መርጨት አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፦ ጎረቤትሽ ግቢ ውስጥ ኒም ካለ ያንቺው ኒም ልጅ ሊሆን ይችላል። ሥራቸው አንድ ከሆነ ያንቺን ስትገድይ የሳቸውም ይታመማል። አስቀድመሽ ጠይቂያቸው። እኔ አጠራጣሪ ሲሆን መድኃኒቱን እተወዋለሁ።

ወደ ቁፋሮው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያናድደኛል፤ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ዛፍ ቆራጮች ጉቶውን ዝቅ አድርገው ሲቆርጡ ጥሩ ሥራ የሠሩ ይመስላቸዋል። ጉቶው የሚነቀል ከሆነ ግን ግንዱ ሜትር ተኩል ያህል ቆሞ መቅረት አለበት። እጀታው ነው። ዙሪያው ተቆፍሮ የጎን ሥሮቹ ከተቆረጡ በኋላ ያንን እጀታ ይዞ መወዝወዝ ነው። ግንዱ ራሱ ጉልበት ይሆንልሻል። ያንቺ እጀታው ተቆርጧል። ስለዚህ እየፈለጡ ማውጣት ይቀራል። አሁን ዛፍ ሊያስቆርጥ ያሰበ ሰው ይህን ካነበበ ግንዱን ቁመት ያስተርፍ።

ቆፋሪ ከመጥራትሽ በፊት ማታ ማታ ለሁለት ሦስት ቀን ዙሪያውን ውሃ አጠጪው። ልብስ የታጠበበትም ይሆናል። በበጋ የደረቀ የድሬ መሬት ዲጂኖ ያጥፋል፤ ከረጠበ ግን ዶማ ይገባዋል። ከዚያ ከጉቶው 50 ወይም 60 ሳንቲ ርቀት ላይ ዙሪያውን ቦይ ይቆፈራል። ሥር ሲገኝ አፈሩ ይጠረግለትና በመጥረቢያ ይቆረጣል፤ ሁለት ቦታ ላይ፣ መሐሉ ወጥቶ ክፍተት እንዲኖር። በሞተር መጋዝ ሥር እንዲቆርጡ አትፍቀጂ። አፈር የነካ ሰንሰለት ወዲያው ይዶለድማል። ባለመጋዙ ይህን ያውቃል፤ ዋጋውን አንቺ ላይ ነው የሚጨምረው።

የጎን ሥሮቹ ካለቁ በኋላ ጉቶው ቁልቁል በሚወርደው ሥሩ ብቻ ተይዞ ይቀራል። እዚህ ላይ ሰው ይቸኩላል። አንድ ጊዜ መልካ ጀብዱ መንገድ አካባቢ አንድ ግቢ ስደርስ ልጆቹ ጉቶውን በገመድ አይሱዙ ላይ አስረውታል። «ጋሼ ትንሽ ቆይ፣ አሁን ይወጣል» አሉኝ። እኔ ወደ ኋላዬ ሸሽቼ የግድግዳ ከለላ ያዝኩ። ሾፌሩ ነዳጁን ረገጠው። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረና ተበጠሰ። ጫፉ ተመልሶ የመኪናውን የኋላ መብራት አደቀቀው። እዚያ የቆመ ሰው ቢኖር አንገቱን ነበር የሚያገኘው። ጉቶው? ንቅንቅ አላለም። እኔ ያኔ በሽብልቅና በመዶሻ ለአራት ከፈልኩት፤ አንድ በአንድ ወጣ። ያንቺም እንደዚያ ነው የሚወጣው። ከመሐሉ ስንጥቅ ፈልጎ ሽብልቅ መምታት። የ2 ዓመት ጉቶ ላዩ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ይመቻል። ኒም ጠንካራ ነው፤ ግን በስንጥቁ በኩል ከመጡበት ይሸነፋል።

ጥልቀቱን በተመለከተ ከግንበኛሽ ጋር ተነጋገሪ። መሠረቱ የሚያርፍበት ጥልቀት ስንት ነው? ሥሩ ቢያንስ ከዚያ በታች መቆረጥ አለበት። ቁልቁል የሚወርደው ሥር እስከ መጨረሻው ይውጣ አልልሽም፤ ኒም በደረቅ አገር ውሃ ፍለጋ ሩቅ ይወርዳል፤ እሱን ተከትሎ ማለቂያ የለውም። መሠረቱ መስመር ላይ የሚያልፉት ወፋፍራም የጎን ሥሮች ግን ይውጡ። ጉድጓዱ ሲሞላ በወጣው አፈር አንዴ ገልብጦ መድፈን የለም። 20 ሳንቲ ያህል ሰሌክት፣ ውሃ፣ መጠቅጠቅ። እንደገና 20 ሳንቲ። ሰጋቱራና ስንጥር አንድም እንዳይቀር። ግንበኛው ይሰለቻል። ቆመሽ እዪው።

አሁን ቱቦው። እኔ ከማንም በፊት የምፈልገው እሱን ነው። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነና ፖዞው፣ የፍሳሹ ጉድጓድ፣ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሁለቱን በገመድ አገናኚ፤ ቱቦው ብዙውን ጊዜ በዚያ መስመር ላይ ነው። ከዚያ በእጅ፣ በአካፋ ቀስ ብሎ ገልጦ ማየት። የውሃውንም መስመር ከቆጣሪው ጀምረሽ እንዲሁ አድርጊ። የዛፍ ሥር በቱቦ መገጣጠሚያ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ይገባል። እርጥበቱ ይጠራዋል። ፖዞውን ከፍተሽ ቡናማ ፀጉር የመሰለ ነገር ካየሽ ሥሩ ገብቷል ማለት ነው። ዛፉ ሲሞት ያ ሥር ይበሰብሳል፤ የከፈተው መገጣጠሚያ ግን ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መሬቱ ተከፍቶ እያለ ያንን ቁራጭ ቱቦ አስቀይሪው። ሰርቪሱ ከላዩ ከተሠራ በኋላ ወለል መስበር ሊመጣ ነው።

ወርዱ 70 ሳንቲ ነው ያልሽው ላይ ትንሽ ልመለስ። የለካሽው የተቆረጠውን ፊት ይመስለኛል። ጉቶ ወደ ታች ይሰፋል። ዶማ ይዘሽ ግርጌውን ፋቅ ፋቅ አድርጊው። ሥሮቹ ከግንዱ የሚነሱበት ትከሻ ይታይሻል። ሜትሩን እዚያ ላይ ዘርጊው። 70 የነበረው ሜትር ሊያልፍ ይችላል። እኛ የምናስከፍለው በዚያ ነው። በስልክ «70 ነው» ተብሎ መጥተን ሜትር ከሃያ ስናገኝ ነው ጭቅጭቁ የሚመጣው። ዋጋ እዚህ አልጠራም። የቤንዚኑም የጥርሱም ዋጋ አንድ ቦታ አይቆምም። የዛሬውን ብነግርሽ ነገ ውሸታም ታደርጊኛለሽ።

ጥርስ ካልኩ አይቀር፣ እኛ አገር ማሽኑን የሚጨርሰው እንጨት አይደለም። ድንጋይና ብረት ነው። ከዚራ ሰፈር አንድ የቆየ ግቢ ውስጥ የድሬዳዋ ዛፍ ጉቶ ስፈጭ ነበር። ቀይ አበባ ያለው፣ ጥላው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ዛፍ። አገሩ ማዳጋስካር ነው፤ እኛ ግን በከተማችን ስም ነው የምንጠራው። እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ዲስኩ እንደ ቅቤ እየገባ ነበር። ድንገት ድምፁ ተለወጠ። ከጉርምርምታ ወደ ጩኸት። አንድ ጥርስ በረረና የቆርቆሮ በሩን በስቶ ወጣ። አጥፍቼ ቆፈርኩ። ሥሩ አንድ የሐዲድ ቁራጭ አቅፎ ይዟል። ባቡሩ ድሬ የገባው በ1895 ዓ.ም ነው፤ ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ የባቡር ብረት ያልተቀበረበት ግቢ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ዘንግ አድርጎ ያቆመዋል፣ ሌላው ለልብስ መስጫ። ዛፍ ደግሞ አጠገቡ ያገኘውን ሁሉ ውጦ ያድጋል።

ከዚያ ወዲህ ዲጂኖ ሳልወጋ ማሽን አላስነሳም። ዙሪያውን በየስንዝሩ እወጋለሁ። ድምፅ ከሰጠ ድንጋይ ወይም ብረት አለ። ጠጠሩንም በእጄ እለቅማለሁ። ዲስኩ ጠጠር ካገኘ እንደ ወንጭፍ ነው የሚተኩሰው። ስለዚህ መከለያ ይቆማል፤ መስኮት በብርድ ልብስ ይሸፈናል፤ ልጆችና ፍየሎች ከግቢ ይወጣሉ። ሞተሩ ከጠፋም በኋላ ዲስኩ ወዲያው አይቆምም። እጁን ቶሎ የሚሰድ ረዳት ካየሽ ጩኺበት።

ሌላ ባለማሽን ብታገኚም አልቀየምም። ግን ከዋጋ በፊት ስለ ቱቦ ካልጠየቀሽ ይቅርብሽ። ስንት ሳንቲ ድረስ እንደሚወርድ በቁጥር ይንገርሽ፤ «መሬት ድረስ» የሚባል መልስ አይደለም። ሰጋቱራውን ማን እንደሚያነሳም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። የተፈጨ ጉቶ ከአፈሩ ጋር ተቀላቅሎ ከሚታሰበው በላይ ይበዛል። ሰው «ጉቶው ጠፋ» ሲል ግቢው መሐል ጉብታ ተከምሮ ያገኛል። በሩንም ለኪ። ትንሹ ማሽን 90 ሳንቲ በሆነ በር ይገባል።

በር ስል ሐረር ትዝ አለኝ። ጁገል፣ በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቤተሰብ የጉቶ ሥራ ሰጡኝ። ማሽኑን በመኪና ጭኜ ሄድኩ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። የግቢው በር ደግሞ ጎንበስ ተብሎ ነው የሚገባው። እዚያ በር ላሰፋ፣ ግንብ ላፍርስ አይባልም፤ በ1998 ዓ.ም በዩኔስኮ የተመዘገበ ከተማ ነው። ቢቻልም እኔ አላደርገውም ነበር። ድንጋዩ በጭቃ ነው የተያያዘው፤ የማሽን ንዝረት አይወድም። ማሽኑን መልሼ በመጥረቢያና በመሮ ሦስት ቀን ሠራሁት። እማማ ቡና እያፈሉ፣ እኔ እየፈለጥኩ። ከገቢው ምሳው ይበልጥ ነበር።

የወጣው እንጨት ምን ይሁን? ፍልጡ ለማገዶ ይሄዳል። ቆፋሪዎቹ «እንጨቱን ለእኛ» ካሉ ዋጋው ይቀንስልሽ፤ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ እንጂ ዝም ብለው ይወስዱታል። ሰጋቱራውን አትክልት ካለሽ ላዩ ላይ አልብሺው፤ እርጥበት ይይዝልሻል። ከአፈር ጋር ግን አትደባልቂው። እንጨት ሲበሰብስ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል። ቃሪያሽ ቢጫ ይሆንና «የኒም መራራ ገደለው» ትያለሽ።

ይህን የሚያነቡ ደቻቱ ዳር ያሉ ሰዎች ካሉ አንድ ቃል። በወንዝ ዳር ያለ ጉቶ አይነቀልም፣ አይፈጭም። ሥሩ የሞተም ቢሆን ዳርቻውን ለዓመታት ይዞ ይቆያል። በ1998 ዓ.ም ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጎርፉ ምን እንዳደረገ ያየ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡትና ተዉት። ያቆጥቁጥም፤ እሰየው።

ለአባትሽ ኒም ምትክ መትከል ካሰባችሁ ደግሞ ከቤቱም ከቱቦውም አምስት ስድስት ሜትር አርቁት፤ ከመብራት ሽቦ ሥርም አይሁን። የድሬዳዋ ዛፍ ካማራችሁ ከዚያም በላይ ይራቅ። ሥሩ ላይ ላዩን ነው የሚሄደው፤ ንጣፍና አጥር ያነሳል። ግቢው ካልሰፋ ኒሙ ይሻላል።

ሥራውን ለኔ ከሰጣችሁኝ ቁፋሮው ቀድሞ ይለቅ፤ ቱቦው ተገልጦ ይጠብቀኝ። የግርጌውን ሥር ከሜትር ጋር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ የበሩንም ስፋት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ከ6 ሰዓት በኋላ ማሽን አላስነሳም፤ ሙቀቱም አያሠራም፣ ሰፈሩም ጋደም የሚልበት ሰዓት ነው። ጎረቤቶችሽን ግን ዋዜማውን ንገሪያቸው፤ ልብስ አጥበው እንዳያሰጡ።